ባልዲው ምን በደለ?

በ1955 ሚላኖ ላይ ለአንድ ባልዲ ሽልማት ተሰጠ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ባልዲው ክብ፣ ባለ ክዳን፣ ከፕላስቲክ የተሠራና ካርቴል ከተባለው ፋብሪካ የወጣ ተራ የቤት ዕቃ ነበር። የነደፈው ጂኖ ኮሎምቢኒ ነው። ሽልማቱ ደግሞ በኢጣሊያ የዕቃ ንድፍ ሙያ ከሁሉ በላይ የሚከበረው «የወርቅ ኮምፓስ» ነበር። ለዙፋን ወይም ለብር መቅረዝ ሳይሆን ወለል ለሚታጠብበት፣ ውኃ ለሚቀዳበት፣ ጓዳ ጥግ ተደብቆ ለሚውል ዕቃ ያን የመሰለ ክብር መስጠት ቀላል ነገር አልነበረም። አሳቡ ግልጽ ነው፤ ሰው በየቀኑ የሚጨብጠው ነገር በደንብ ሊታሰብበት ይገባል፤ በደንብ የታሰበበትም ነገር በርካሽ ዋጋ ሁሉም ቤት ሊደርስ ይችላል።

ያ አሳብ ዛሬ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። የ1950ዎቹ፣ የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ መብራቶችና መደርደሪያዎች በፓሪስ፣ በለንደንና በኒው ዮርክ በጨረታ ይሸጣሉ። ሰብሳቢው ወንበር ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያደርገው መቀመጥ አይደለም፤ ገልብጦ ሆዱን ማንበብ ነው። ከሥሩ የፋብሪካው ማኅተምና የነዳፊው ስም ካለበት ዕቃው «ሥራ» ይባላል፤ ከሌለበት ቆሻሻ ነው። ጭረት ካለው ዋጋው ይወድቃል። የልጅ ጥርስ ያረፈበት ከሆነማ ከነጭራሹ አይፈለግም። ለሁሉም ሰው ተብሎ የተሠራ ዕቃ ማንም ያልነካው ሲሆን ብቻ የሚከበርበት ሥርዓት ምን ይባላል? ሰብሳቢዎቹ ፍቅር ይሉታል። ለንጥቂያ የቀረበ ነው።

ክሱ ለከበደው ሰው ፕላስቲክ እንዴት እንደሚወለድ ማስታወስ ይበቃል። የካርቴል መሥራች ጁሊዮ ካስቴሊ፣ ጁሊዮ ናታ ባስተማረበት በሚላኖ ፖሊቴክኒክ የኬሚካል ምሕንድስና የተማረ ሰው ነበር። በ1949 ፋብሪካውን ሲያቋቁም የጀመረው ለመኪና በሚሆኑ ዕቃዎች ነው፤ ጓዳ የገባው ቆይቶ ነው። ናታ በበኩሉ በ1954 ጠንካራውን ፖሊፕሮፒሊን በቤተ ሙከራው አገኘ፤ በ1963ም ከጀርመናዊው ካርል ዚግለር ጋር የኖቤል ሽልማትን ተካፈለ። ሞንቴካቲኒ የተባለው ኩባንያ አዲሱን ነገር «ሞፕለን» ብሎ ገበያ አወጣው፤ ኮሜዲያኑ ጂኖ ብራሚየሪም በኢጣሊያ ቴሌቪዥን እያሳቀ አስተዋወቀው። ከዚያ በፊት የነበረው የቆርቆሮ ባልዲ ይከብዳል፤ ይዝጋል፤ ሲወድቅ ሰፈር ይቀሰቅሳል፤ ጠርዙ እጅ ይቆርጣል። አዲሱ ቀላል ነው፣ አይዝግም፣ ቀለሙም ከላይ የተቀባ ሳይሆን ከሥጋው የተዋሐደ ነው። ያንን ለውጥ መጀመሪያ የተረዳው ክንድ እንጂ ዐይን አይደለም።

የአሠራሩ ምስጢር ያለው ቅርጽ ማውጫው ላይ ነው። ፕላስቲኩ በሙቀት ይቀልጥና በብርቱ ግፊት ወደ ብረት ቅርጽ ማውጫ ይገባል፤ ሲቀዘቅዝ ብረቱ ይከፈታል፤ ዕቃው ይወጣል። ብረቱን መቅረጽ እጅግ ውድ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው እያንዳንዱ ዕቃ ግን ርካሽ ነው። ስለዚህ አሥር ወንበር መሥራት ኪሳራ፣ መቶ ሺህ መሥራት ትርፍ ይሆናል። ይህ ዕቃ ከመፈጠሩ የብዙኃን ነው። ብርቅዬ ሥዕል ይኖራል፤ ብርቅዬ የብራና መጽሐፍም ይኖራል። «ብርቅዬ ፕላስቲክ» ግን ብዙውን ጊዜ ወይ ገበያ ያልወደደው፣ ወይ ቶሎ የተሰበረ፣ ወይ ፋብሪካው ተስፋ ቆርጦ የተወው ዕቃ ነው። እንግዲህ ሰብሳቢው በጨረታ አዳራሽ እጁን ሲያነሣ የሚከፍለው ለዕቃው መልካምነት ነው ወይስ ለውድቀቱ?

የዚያ ዘመን ዕቃዎች አይደነቁም ማለት አይደለም። ማርኮ ዛኑሶና ሪቻርድ ሳፐር በ1964 ለካርቴል ያወጡት የሕፃናት ወንበር እግሮቹ ወፋፍራም ስለሆኑ አንዱ በሌላው ላይ ይሰካል፤ ልጆች ሲቀመጡበት ወንበር፣ ሲደራርቡት ግንብ፣ ሲደረድሩት ባቡር ይሆንላቸዋል። ጆ ኮሎምቦ በ1965 የነደፈው «ኡኒቨርሳሌ» የተባለ ወንበር ጀርባው ላይ ክብ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው ጌጥ ይመስላል፤ ግን ወንበሩ ከቅርጽ ማውጫው በቀላሉ እንዲላቀቅ የረዳ ብልኃት ነው። እግሮቹ ይወልቃሉ፤ በአጭር ወይም በረጅም ይለወጣሉ። ቪኮ ማጂስትሬቲ በ1969 ለአርቴሚዴ ያወጣው «ሴሌኔ» ደግሞ ስስ የሆነ ነገር እንዴት ሸክም እንደሚችል ያስተምራል። ቀጥ ያለ ወረቀት በጠርዙ አይቆምም፤ ታጥፎ ሲገተር ግን ይቆማል። ማጂስትሬቲም የወንበሩን እግር ሞልቶ ከማወፈር ይልቅ እንደ እባብ አጥፎ አቆመው። በ1967 የወጣው እንጉዳይ መሳዩ የ«ኔሶ» መብራት ሲበራ ብርሃኑ በራሱ በፕላስቲኩ ሥጋ ውስጥ ያልፋል፤ ብርቱካናማው በምድጃ ውስጥ እንዳለ ፍም ይሆናል። አና ካስቴሊ ፌሪየሪ በዚያው ዘመን የነደፈቻቸው ክብ ተደራራቢ መደርደሪያዎች ያለ አንድ ብሎን አንዱ በአንዱ ላይ ይቀመጣሉ። እነዚህ መደርደሪያዎች ዛሬም ከፋብሪካ ይወጣሉ፤ ሱቅ ገብቶ መግዛት ይቻላል። ለሰብሳቢው ግን የዛሬው አይቆጠርም። ቅርጹ አንድ፣ አገልግሎቱ አንድ፤ የጎደለው ዕድሜ ብቻ ነው። ይህ ከዕቃው ጋር ሳይሆን ከገዛ ሀብቱ ጋር የተያዘ ፍቅር ነው።

ለሰብሳቢዎች የሚገባቸውን ምስጋና መንፈግ ግን ነውር ይሆናል። በ1972 የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ በኤሚሊዮ አምባዝ አዘጋጅነት፣ ለኢጣሊያ የቤት ዕቃ ሰፊ ዐውደ ርእይ አቅርቦ ነበር። በማግሥቱ በ1973 የነዳጅ ቀውስ መጣ። የፕላስቲክ እናቱ ነዳጅ ናትና ዋጋው ናረ፤ የሰዉም ስሜት ተለወጠ፤ ትናንት የወደፊቱ ዘመን ምልክት የነበረው ወንበር መንገድ ዳር ተጣለ። ቤልጅጋዊው አርቲስት ፊሊፕ ደሴል በ1980ዎቹ ብራስልስ ውስጥ ተጥሎ ያገኘውን የኮሎምቦ ወንበር አንሥቶ መሰብሰብ ጀመረ። የሰበሰበው «ፕላስቲካሪየም» የተባለ ክምችት በኋላ በአቶሚየም ተገዝቶ በ2015 ለተከፈተው የከተማዪቱ የንድፍ ሙዚየም መሠረት ሆነ። ቆሻሻ ውስጥ የሚያይ ዐይን የሌለው ሕዝብ ሙዚየም አይኖረውም። የደሴል ሥራ ሌሎቹን የሚወቅሰውም ስለዚህ ነው፤ እሱ ያነሣው ዋጋ የሌለውን ነበር፤ ተከታዮቹ የሚያነሡት ዋጋው የታወቀውን ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። ፕላስቲክ አይሞትም ይባላል፤ ስሕተት ነው። ስብርባሪው ለዘመናት መሬት ላይ ይቀራል እንጂ ዕቃው እንደ ዕቃ ያረጃል፤ አንዳንዱም ከእንጨት ቀድሞ ይሞታል። ዴንማርካዊው ቬርነር ፓንቶን የነደፈው፣ ያለ ኋላ እግር የቆመው ዝነኛ ወንበር በ1967 ገበያ ከወጣ በኋላ የሚሠራበት ፕላስቲክ ደጋግሞ ተለውጧል፤ በ1979 ደግሞ በዚያን ጊዜ የተመረጠው ፕላስቲክ እያረጀ ስላስቸገረ ምርቱ ቆሞ ነበር። በ1967 የዛኖታ ፋብሪካ ያወጣው በአየር የሚነፋ ወንበር የተሠራው ከፒ.ቪ.ሲ. ነው፤ ፒ.ቪ.ሲ.ን የሚያለሰልሰው ቅባት ከጊዜ በኋላ ወደ ላይ ይወጣል፤ ወንበሩ ያልበዋል፤ ይጣበቃል፤ ኋላም ይደርቃል። ስፖንጁ ይፈረፍራል። ኤ.ቢ.ኤስ. የተባለው ነጩ ፕላስቲክ በብርሃን ቢጫ ይሆናል። እዚህ ላይ ሰብሳቢው ጠርሙሱን ያወጣል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቀብቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ ዕቃው ይነጣል። ገዢ ይመጣል፤ «እንደ ወጣበት ቀን» ተብሎ ይሸጥለታል። ቢጫው ግን ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። የሙዚየም ጠባቂዎች መንገድ ሌላ ነው፤ ከብርሃንና ከሙቀት ያርቁታል፤ የሚያልበውን ከማያልበው ይለያሉ፤ እርጅናውን ያዘገዩታል እንጂ አይክዱትም። ሽማግሌን ጠጉር ቀብቶ ለገበያ ማቅረብና ሽማግሌን መጦር ለየቅል ናቸው።

የዚህ ሁሉ ጉድለት ጎልቶ የሚታየው ግን በሰብሳቢዎች ቤት ውስጥ በሌለው ዕቃ ነው። ፈረንሳዊው አንሪ ማሶኔ በ1972 ከአንድ ፕላስቲክ፣ በአንድ ጊዜ ምት፣ ሁለት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ የሚወጣ ባለ መደገፊያ ወንበር አወጣ። ተቀጂዎቹ በየአገሩ ተፈለፈሉ። ዛሬ በሞቃዲሾ ሻይ ቤት፣ በሞምባሳ ዳርቻ፣ በሐርጌሳ ገበያ፣ በአዲስ አበባ ድንኳን ውስጥ የሚታየው ነጭ የፕላስቲክ ወንበር የዚያ ዘር ነው። ኮሎምቦና ማጂስትሬቲ ያለሙትን፣ ማለትም ለሁሉም የሚዳረሰውን የአንድ ምት ወንበር፣ በእውነት የፈጸመው ይህ ነው። ሰብሳቢው ግን ፊቱን ያዞርበታል፤ ምክንያቱም ብዙ ነው። ጀርመን የሚገኘው የቪትራ ንድፍ ሙዚየም በ2017 ለዚህ ወንበር ለብቻው ዐውደ ርእይ ሲያዘጋጅለት ክብር ያገኘው ወንበሩ ብቻ አይደለም፤ የተቀመጡበትም ሰዎች ናቸው።

በምሥራቅ አፍሪካና በቀንዱ አገሮች ያለው ንቀት ከአውሮፓው ይለያል፤ ውጤቱ ግን አንድ ነው። እዚያ ፕላስቲክ የሚመረጠው ስም ካለው ነው፤ እዚህ ጭራሹን አይመረጥም። የቀጠናው የባህል ሙዚየሞች በአብዛኛው የሚያሳዩት ሸክላ፣ ቆዳ፣ ቀንድ፣ እንጨትና ስንደዶ ነው። ባህል የሚባለው ከፕላስቲክ በፊት የነበረው ነው፤ ፕላስቲክ የገባ ዕለት ባህል የሞተ ይመስል። ባህል አዋቂ ነኝ የሚለው ሰው በግድግዳው ላይ ሰፌድ ሰቅሎ፣ በጥግ እንስራ አቁሞ ይኖራል፤ ውኃው የሚቀመጠው ግን ጓዳ ባለው ቢጫ ጀሪካን ነው። እንስራው ለእንግዳ፣ ጀሪካኑ ለኑሮ።

እስቲ እንስራውን ተሸክሞ ወንዝ የወረደ ይመስክር። ሃያ ሊትር ውኃ ሃያ ኪሎ ነው፤ እንስራው ደግሞ ገና ባዶውን ሸክም ነው። በገመድ ታስሮ የሚያርፈው በሴት ልጅ ጀርባ ላይ ነው። ድንጋይ ካደናቀፋት ውኃውም እንስራውም ይፈሳል፤ ቤት ስትደርስ የሚጠብቃት ቁጣ አለ። ዘይት መጥቶበት፣ ዘይቱ አልቆ፣ ታጥቦ ውኃ መቅጃ የሆነው ጀሪካን ከዚያ ሸክም የሸክላውን ድርሻ ቀነሰ፤ ሲወድቅ አይሰበርም፤ ክዳን ስላለው በአህያና በጋሪ ይጫናል፤ ጋሪ ከመጣ ደግሞ ውኃ መቅዳት የሴት ብቻ መሆኑ ይላላል። ስለዚህ ጉዳይ ከየትኛው ግጥም ይልቅ ጀሪካኑ ራሱ ይናገራል። ይህን ዕቃ «ባህል አልባ» ብሎ ማጣጣል የሚቻለው ውኃ ቀድቶ ለማያውቅ ሰው ብቻ ነው።

በአዲስ አበባ ሰፈሮች ውስጥ «ልዋጭ!» እያለ የሚዞረው ነጋዴም የዚህ ታሪክ ባለሟል ነው። አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብሎ ሳፋ፣ ባልዲ፣ ጆግ ይሰጣል። ባል የማያደርገው ኮት ስንት ሳፋ ያወጣል የሚለው ክርክር በየደጃፉ ሲካሄድ ኖሯል፤ የሚከራከሩትም በአመዛኙ የቤት እመቤቶች ናቸው፤ ገንዘብ ሳይኖራቸው ዕቃ የገዙበት ገበያ ነው። የዕድር ወንበርም አለ፤ ጀርባው ላይ የዕድሩ ስም በቀለም ተጽፎበት ከለቅሶ ወደ ለቅሶ የሚዞር፤ ሲሰነጠቅ በጋለ ብረት ተበስቶ በሽቦ የሚሰፋ። ያ ስፌት በሚላኖ ሰብሳቢ ዘንድ ወንበሩን ዋጋ ቢስ ያደርገዋል። ለሚያስተውል ግን ከወንበሩ ሁሉ የበለጠው ያ ስፌት ነው፤ ፋብሪካው በሁለት ደቂቃ የጣለውን ዕቃ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ ሽቦ ቆርጦ፣ የራሱ አድርጎታል። በዚህ ረገድ አስመራ ከሌሎቹ ቀድማለች፤ በትጥቅ ትግሉ ዘመን ታጋዮች ለተጫሟት የፕላስቲክ ጫማ፣ ለሺዳ፣ በአደባባይ ሐውልት ቆሞላታል። የፕላስቲክ ዕቃ የታሪክ ምስክር ሊሆን እንደሚችል ለማመን ጦርነት የግድ ያስፈልግ ነበርን? የጓዳ ታሪክስ ታሪክ አይደለም?

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው፣ ፕላስቲክ ምድርን እያበላሸ ሳለ እሱን ማክበር ምን ይባላል የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሩዋንዳ በ2008፣ ኬንያ በ2017 ፌስታልን የከለከሉት በከንቱ አይደለም። ነገር ግን ለአሥር ደቂቃ አገልግሎ ቦይ የሚዘጋ ፌስታልና ቤተሰብ ለዓመታት የሚጠቀምበት ጀሪካን በአንድ ስም ስለተጠሩ ብቻ አንድ አይሆኑም። በዕቃ ላይ ያለው ጥፋት የሚጀምረው ተሠርቶ ሳይሆን ሳይታሰብበት ሲጣል ነው፤ ዕቃን ጠግኖ ማቆየት ምን እንደሆነ ደግሞ በሽቦ የተሰፋው ወንበር ከማንም በላይ ያውቃል። ሙዚየምም የምስጋና ወረቀት መስጫ አይደለም። የባሪያ ሰንሰለት ያስቀመጠ ሙዚየም ባርነትን አላከበረም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ፕላስቲክ የባዕድ ነው የሚል ነው፤ ይኸኛው በቡና ላይ ይወድቃል። ከቡናው ሥርዓት ከጀበናው ቀጥሎ የሚወደደው ሲኒ ነው። «ሲኒ» ግን ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው፤ ትርጉሙም «የቻይና» ማለት ነው። በባሕር ተሻግሮ የመጣ የሸክላ ዋንጫ በአገሬው እጅ ተይዞ፣ በአገሬው ቡና ተሞልቶ፣ አገሬው ሆነ፤ ማንም «የባዕድ ነው» ብሎ ከረከቦቱ አላነሣውም። ሳፋውና ፔርሙዙ ከዚያ የተለየ ምን አደረጉ? የመጡት ዘግይተው ነው፤ ሌላ ጥፋት የለባቸውም።

ስለዚህ መሰብሰብ ያለበት እንደ ሚላኖው አይደለም። ከሥሩ ማኅተም የሚፈለግበት፣ ጭረት የሚነቀፍበት ስብስብ ለዚህ ቀጠና አይበጅም። የሚፈለገው ተሰንጥቆ የተሰፋ ወንበር ነው፤ አንገቱ ላይ የቤተሰብ ምልክት የታሰረበት ጀሪካን ነው፤ በልዋጭ የተገኘ ሳፋ ከነታሪኩ ነው። በመዝገቡ ላይ ከነዳፊው ስም ይልቅ የሚጻፈው ዕቃው በየትኛው ሰፈር፣ በስንት ዓመት፣ በምን ተለውጦ እንደተገዛ፣ ማን እንደተሸከመው፣ ማን እንደጠገነው ነው። ይህን የሚመልሱ ሰዎች ዛሬ በሕይወት አሉ። ወጪውም ብዙ አይደለም፤ ጨለማና ቀዝቃዛ ክፍል፣ መደርደሪያ፣ መዝገብ፣ ጠይቆ የሚጽፍ ሰው።

ጊዜው ግን አጭር ነው። የደጋ ፀሐይ ለፕላስቲክ ጨካኝ ናት፤ ደጅ የሚያድር ወንበር ይነጣል፤ እንደ ኖራ ይቦንናል፤ አንድ ቀን በተቀመጠበት ሰው ሥር ይሰበራል። ከተሰበረ ቆራሌው አለለት። በማለዳ እየተጣራ ያልፋል፤ የተሰነጠቀውን ሳፋ፣ እጀታ የሌለውን ጆግ፣ ክዳኑ የጠፋውን ጀሪካን በከረጢት ሞልቶ ወደ ምናለሽ ተራ ይወስዳል። እዚያ ይመዘናል፤ ይፈጫል፤ ይቀልጣል፤ ተመልሶ ሌላ ባልዲ ይሆናል። ዋጋውም በኪሎ ነው።